አርባ የብር ጌጦች፣ አንድ መስኮትና የወረቀት ድንኳን

ጓደኛዬ የብር ጌጥ ትሠራለች። ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ጌጥ። እጇ ሙያ አለው። በስልኳ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ግን ሥራዋን አይመስሉም ነበር። ጣት ላይ ሲውል እንደ ውሃ የሚያብረቀርቀው ቀለበት ፎቶው ላይ ጥላሸት የነካው ቆርቆሮ ይመስላል። አርባ ጌጦችን ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ለማውጣት ስትዘጋጅ እኔን ጠራችኝ። ካሜራ አለኝ፣ ፎቶ ማንሳትም እወዳለሁ። እንዲህ ትንሽና የሚያብረቀርቅ ነገር ግን አንስቼ አላውቅም ነበር።

በእጃችን የነበረው ይህ ነው። ዓመታት ያስቆጠረ፣ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስተኛ መጠን የሆነ ካሜራ። አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስና አንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ። አንድ መስኮት ያለው ክፍል። ለመለዋወጫ ዕቃ የሚወጣውን ገንዘብ ደግሞ ጓደኛዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወሰነችው፦ "ከአንድ ቀለበት መሸጫ ዋጋ አይለፍ።" ትክክል ነው ብዬ ተስማማሁ።

ሥራው አንድ ሳምንት ይበቃዋል ብለን ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ገንዘቡ የት እንደባከነና የት እንደሠራ እንዳለ ልጻፈው። ትንሽ ዕቃ በትንሽ ገንዘብ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ሁሉ እኛ የገባንበት ጉድጓድ ፊቱ ላይ አለ።

ሁሉም በአንድ ቦርሳ

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው። ምን እንደጎደለን ሳላውቅ ገዛሁ። ከ20 በላይ ዕቃ በአንድ ቦርሳ የያዘ ጥቅል አገኘሁ። ለብዛቱ ዋጋው ዓይን ይስባል። ትንሽ ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ ባለቀለም ፊልተሮች፣ ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ ማስፊያ መስታወት፣ ጨርቅ፣ አቧራ የሚያበር የጎማ መንፊያ፣ የካርድ መያዣ፣ ሌላም ሌላም። በዚያ ላይ የሚታጠፍ ነጭ የፎቶ ሳጥን ጨመርኩ፤ ጣሪያው ላይ የኤልኢዲ አምፖሎች የተደረደሩበት ነው። የበጀታችን ግማሽ እዚያው አለቀ።

ከጥቅሉ ውስጥ እስከ መጨረሻው ያገለገሉን መንፊያውና ጨርቁ ብቻ ናቸው። እነሱን ግን በደንብ ተጠቀምንባቸው። በቅርብ ሲነሳ ብር ላይ ያረፈ አቧራ ጠጠር አክሎ ይታያል። ቀለበት ባነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ መንፊያውን እጨምቃለሁ። ሁለቱን ለብቻቸው ብገዛ ኖሮ ከጥቅሉ ዋጋ ጥቂቱን ነበር የማወጣው።

ማስፊያ መስታወቱ የፎቶውን ዳር ዳር አደበዘዘው። የባለቀለም ፊልተሮቹን ሥራ ማንኛውም ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይሠራዋል። እዚህ ላይ ፖላራይዘርን ለይቼ ላንሳ። ከውሃና ከቅጠል ላይ የሚመጣውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር ነው፤ ያንን ሥራ ኮምፒውተር አይተካውም። ለእኛ ግን እሱም አይረዳንም ነበር፤ ከብረት ላይ በቀጥታ የሚመለስን ተራ ብርሃን ፖላራይዘር አይቆርጥም።

የፎቶ ሳጥኑ ደግሞ ተስፋ የጣልኩበት ዕቃ ነበር። ቀለበቱን አስገብቼ አነሳሁ። የጣሪያው አምፖሎች አንድ በአንድ፣ እንደ ዶቃ ተደርድረው ቀለበቱ ላይ ታዩ። ሳጥኑ መጥፎ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም። ለእንጨት፣ ለጨርቅ፣ ለማያብረቀርቅ ነገር ጥሩ ነው። በኋላም እንጨት ለሚሠራ ሰው ሸጥነው፤ ወደደው። ለተወለወለ ብር ግን አይሆንም።

ያን ዕለት ማታ ዕቃ ፍለጋውን አቆምኩ። ካነሳናቸው ውስጥ አንዱን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን አጎላነው። ጓደኛዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች። የሚያስጠላትን ሁሉ በራሷ ቃል እንድትጽፍ ነገርኳት። አራት መስመር ጻፈች። "ሆዱ ላይ ጥቁር ነገር አለ። አንዱ ጎን ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ጥርት አላለም። በጣም ትንሽ ሆኗል፤ ቅርጹ አይታይም።"

ከዚያ በኋላ ከአራቱ አንዱን የማይመልስ ዕቃ እንዳንገዛ ተስማማን። እሷ አንድ ጥያቄ ጨመረችበት፦ "ርካሹ ዕቃ ቢበላሽ ምን ይዞብን ይሄዳል?" ወረቀት ቢቀደድ ሌላ ወረቀት ይመጣል። ካሜራ የተሸከመ ነገር ቢላቀቅ ግን ካሜራው አብሮ ይወድቃል። ከእሷ ጥያቄ በኋላ የት መቆጠብ እንዳለብን ብዙ አላከራከረንም።

ብር መስታወት ነው

ጥቁሩ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። ካሜራው ነበር። ካሜራው፣ እጄ፣ ከኋላዬ ያለው የክፍሉ ጨለማ። ከብረቶች ሁሉ የሚታይ ብርሃንን አብልጦ የሚመልሰው ብር ነው። የተወለወለ ብር ደግሞ የሚያሳየን ከፊቱ ያለውን ነገር ነው። ፊቱ ጨለማ ካለ ጨለማ ያሳያል።

ስለዚህ መብራት መጨመር ምንም አይፈይድም። መብራቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚያንጸባርቀው ነጥብ ዓይን ይወጋል፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። መለወጥ ያለበት ቀለበቱ የሚያየው አካባቢ ነው። ቀለበት ደግሞ ክብ ነው። ጎኑን፣ ጣሪያውን፣ ካሜራውን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያያል።

መፍትሔው ትሬሲንግ ወረቀት ሆነ። የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች ሥዕል የሚገለብጡበት፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ወረቀት ነው። ትልቁን ወረቀት እንደ ሾጣጣ ባርኔጣ ጠቀለልነው። በስኮች አያያዝነው፤ ቀለበቱን ሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ጫፉን ቆርጠን የሌንሱን አፍ የሚያክል ቀዳዳ አወጣንለት። ካሜራው በቀዳዳው ቁልቁል ያያል። የመስኮቱ ብርሃን ወረቀቱን ሲመታው ወረቀቱ ራሱ መብራት ይሆናል። ቀለበቱ በየትም ቢዞር ነጭ ያያል።

ብርሃን ለስላሳ የሚሆነው የሚመጣበት ነገር ከሚነሳው ዕቃ አንጻር ትልቅ ሲሆን ነው። የሰው ፊት ላይ እንዲህ ያለ ብርሃን ለማምጣት ሰፊ ሶፍትቦክስ፣ ማለትም መብራት የሚገባበት ፊቱ ነጭ ጨርቅ የሆነ ሳጥን፣ ያስፈልጋል። 2 ሴንቲሜትር ለሆነ ቀለበት ግን አንድ ወረቀት እንደ ሰማይ ነው። ትንሽ ዕቃ የሚያነሳ ሰው በርካሽ ወረቀት የባለሙያ ብርሃን ማግኘት ይችላል። ይህንን ያወቅሁት ሳጥኑን ከገዛሁ በኋላ መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያውን ፎቶ ሳይ ደስ አለኝ። ጥቁሩ ጠፍቷል። ጓደኛዬ ግን ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ "ፕላስቲክ መሰለ" አለች። ልክ ነበረች። ሁሉም ነጭ ሲሆን ብር ብርነቱን ያጣል። ዓይናችን የተወለወለ ብረትን የሚያውቀው ነጭና ጥቁር አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ ነው።

የጫማ ሳጥን የመሰለ ጥቁር ካርቶን ቤት ውስጥ ነበር። ጣት የምታክል ስፋት ቆረጥንና ከሾጣጣው ውስጥ በአንድ ጎን ለጠፍነው። ቀለበቱ ዳር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጣ። ቅርጹ ወዲያው ጎልቶ ወጣ። ካርቶኑን በትንሹ ስንገፋው መስመሩ ይሰፋል፣ ይቀጥናል፣ በቀለበቱ ሆድ ይዞራል። ግማሽ ቀን ካርቶን ስንገፋ ዋልን። ከሦስቱ ሳምንታት ሁሉ ደስ ያለኝ ያ ቀን ነው። ምንም አላወጣንበትም። ከዚያ በኋላ ለየጌጡ የራሱን ካርቶን ቆረጥን፤ ለሰፊ ቀለበት ሰፋ ያለ፣ ለቀጭን ቀለበት ክር የምታክል።

ዝርግ የአንገት ጌጦች ቀላል ሆኑልን። ዝርግ ነገር እንደ ጠረጴዛ መስታወት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያየው። በዚያ አቅጣጫ አንድ ነጭ ፎም ቦርድ (ቀላል የፎም ሰሌዳ) ማቆም ይበቃል። የት እንደሚቆም ለማወቅ ጌጡን አንሱና በቦታው ትንሽ መስታወት አስቀምጡ። በካሜራው ስታዩ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ቦታ ቦርዱ የሚቆምበት ነው። ከዚያ ጌጡን መልሱት። ፎም ቦርዱን በሁለት የወረቀት መቆንጠጫ እግር ሠርተንለት አቆምነው። ቀለበቶቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዝልን ደግሞ ፖስተር የሚለጠፍበት፣ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ማጣበቂያ ነበር። የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ከቀለበቱ ሥር ትበቃለች፤ ስትነሳም ምልክት አትተውም።

ቢጫና ሰማያዊ

ይህኛው ቅሬታ በአንድ ጣት ተፈታ። የክፍሉን መብራት አጠፋሁት። ኬልቪን በሚባለው የብርሃን ቀለም መለኪያ የቀን ብርሃን 5500 አካባቢ ነው፣ ቢጫው የቤት አምፖል 2700 ገደማ። ሁለቱ አንድ ቀለበት ላይ ሲገናኙ ካሜራው አንዱን ብቻ ነው ማስተካከል የሚችለው።

አንድ ግራጫ ካርድ ግን ገዛን። ቀለሙ ወደየትም የማያደላ ካርድ ነው። መጀመሪያ እሱን አንስታችሁ የፎቶዎቹን ሁሉ ቀለም በእሱ ታስተካክላላችሁ። በእሱ ፋንታ የፕሪንተር ወረቀት ሞክሬ ነበር። አይሆንም። ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይጨመርበታልና የቀን ብርሃን ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ ያደላል። በእሱ ስናስተካክል ብሩ ሁሉ ቢጫ ሆነብን።

ሌላም ነገር ነበረ። የወረቀት ድንኳኑ የማያስፈልጋቸውን ዝርግ ጌጦች ሳነሳ ሦስቱ ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት አየሁ። ካርዱን ደጋግሜ አነሳሁ፤ ቅላቱ አልሄደም። የለበስኩት ሸሚዝ ቀይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ ነው የሠራሁት።

መቅረብ

50 ሚሊሜትር ሌንሴ በራሱ ብዙ አይቀርብም። ቀለበቱ የፎቶው መሐል ላይ ፍሬ አክሎ ይቀራል። በጣም ቀርቦ የሚያነሳው ማክሮ ሌንስ ከበጀታችን ውጭ ነበር። ሦስት ርካሽ መንገድ አለ። አንደኛው ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዝ ማቅረቢያ መስታወት ነው፤ ርካሾቹ ዳር ላይ ቀለም ይበትናሉ። ሁለተኛው ሌንሱን ገልብጦ የሚያስር ቀለበት ነው። በጣም ርካሽ ነው፣ ምስሉም ጥሩ ነው። ግን ሌንሱና ካሜራው መነጋገር ያቆማሉ፤ በካሜራው የሚታዘዘው አፐርቸርም (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) አይታዘዝም። የሌንሱ የኋላ መስታወትም ለአቧራና ለጭረት ይጋለጣል።

ሦስተኛውን መረጥን፤ ኤክስቴንሽን ቲዩብ። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው። ውስጡ መስታወት የለም። ስለዚህ ውዱና ርካሹ በምስል ጥራት አይለያዩም። የሚለያዩት በአያያዛቸውና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ነጥቦች ባላቸውና በሌላቸው ነው። ነጥቦች ያሉትን ውሰዱ። እኛ 10 እና 16 ሚሊሜትር የሆኑ ጥንድ ቲዩቦች ገዛን።

ስሌቱ ቀላል ነው። የቲዩቡን ርዝመት ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ። የሁለቱ ድምር 26 ለ50 ሲካፈል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ማለትም 20 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት ሴንሰሩ ላይ ከ10 ሚሊሜትር ትንሽ በልጦ ያርፋል። የሴንሰራችን ወርድ 23 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ቀለበቱ የፎቶውን ወርድ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የእሷ አራተኛ መስመር ተመለሰ።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ሌንሱ ከቀለበቱ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ይርቃል። ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጥርት የሚለው ጥልቀትም በጣም ቀጭን ይሆናል፤ የቀለበቱ ፊት ሲጠራ ጀርባው ይደበዝዛል። አፐርቸሩን እጅግ ማጥበብ ደግሞ ምስሉን በሙሉ ያለሰልሰዋል። ኤፍ 11 በሚባለው የአፐርቸር መጠን ላይ ቆምን። ፎከሱን ከፊት ወደ ኋላ እያንቀሳቀስን በየአቅጣጫው ስድስት ፎቶ አነሳን፣ ከዚያ በነጻ ፕሮግራም አንድ ላይ አዋሃድናቸው።

ያጎነበሰው ካሜራ

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 11፣ የመስኮት ብርሃን። ሹተሩ (የካሜራው የብርሃን በር) ግማሽ ሰከንድ ክፍት ይሆናል። በእጅ የማይታሰብ ነው። ከጥቅሉ የመጣውን ትራይፖድ አቆምኩ፣ ካሜራውን ቁልቁል አዞርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። ካሜራው እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ ብሎ አጎነበሰ። በሁለተኛው ቀን ጭንቅላቱ ጭራሽ ተላቀቀ። እጄ አጠገቡ ስለነበር ያዝኩት። ባልይዘው ኖሮ የሚወድቀው ቀለበቱና ወረቀቱ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ መቆጠብ አቆምን። ያገለገለ፣ ከባድ፣ የብረት ትራይፖድ ገዛን። ያረጀ ትራይፖድ ለአዲስ ካሜራ አይሆንም ብለው የሚያስቡ አሉ። ካሜራው ሥር ያለው ቀዳዳ መጠኑ ሩብ ኢንች ነው፤ ዛሬም ከትናንት ጋር አንድ ነው። ስትገዙ እግሮቹን ሙሉ ዘርግታችሁ ከላይ በእጃችሁ ጫኑት። የሚንሸራተት እግር ካለ ተዉት። ቀለሙ መላጡ ምንም አይደለም። ክብደቱ ሸክም ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን ያ ክብደት ጥቅም ነው።

የርቀት መተኮሻ አልገዛንም። ካሜራው ላይ ያለው የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ያንኑ ይሠራል። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ እጃችሁን ትሰበስባላችሁ፣ መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ ከዚያ ያነሳል። ይህ ካሜራው ላይ ያለ፣ ነጻ የሆነ ነገር ነው።

የጠፉት አስራ አንድ ጌጦች

ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። ከመጀመሪያው ግዢ ጋር አንድ ሜሞሪ ካርድ ገዝቼ ነበር። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ይላል። ዋጋው ያንን አይመስልም ነበር። ያኔ ዕድለኛ የሆንኩ መሰለኝ።

እስከ 17ኛው ጌጥ ድረስ ያነሳነው ደህና ነበር። ከ18ኛው እስከ 28ኛው ያሉት ፋይሎች ስማቸው አለ፣ አይከፈቱም። ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ፈተሽኩት። እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋባይት ነበር። ሐሰተኛ ካርድ እንዲህ ነው የሚሠራው። ውስጡ ያለው ትንሽ ቺፕ ለካሜራው "128 ነኝ" ብሎ ይዋሻል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱን ፋይል የተቀበለ ይመስላል፣ የሚያሳርፍበት ግን የለውም። ካሜራው አንድም ማስጠንቀቂያ አልሰጠንም።

አስራ አንዱን ጌጦች እንደገና ማንሳት ሁለት ቀን ተኩል ወሰደ። ጓደኛዬ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እንደገና ወለወለቻቸው። በየማታው ወደ ኮምፒውተር ብገለብጥ ኖሮ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር።

ደግሞም 128 አያስፈልገንም ነበር። አርባ ጌጥ፣ በሦስት አቅጣጫ፣ በየአቅጣጫው ስድስት ፎቶ፤ 720 ፎቶ ነው። ያልተጨመቀው የካሜራችን ፋይል 25 ሜጋባይት ያህል ነው። በድምሩ 18 ጊጋባይት። ከታወቀ ሻጭ የተገዛ 32 ጊጋባይት ካርድ ይበቃናል፣ በቃንም። ካርድ ላይ የሚጻፈው "ቪ30" የሚለው ምልክት በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው። እሱ የሚያስፈልገው ለቪዲዮ ነው። ግማሽ ሰከንድ እየጠበቀ የቆመ ቀለበት ለሚያነሳ ሰው ፍጥነት አያስጨንቅም። አሁን ማንኛውንም አዲስ ካርድ ሳልፈትሸው ካሜራ ውስጥ አላስገባም።

ትርፍ ባትሪ ስንገዛም ከዚህ ተምረን ነበር። ከሌሎች የካሜራው ዓይነት ባትሪዎች ይልቅ እጅግ የበዛ ሚሊአምፒር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) የተጻፈበትንና ርካሹን ተውነው። የሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ ያብጣል፤ ካሜራው ውስጥ ካበጠ ደግሞ ላይወጣ ይችላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

በጀታችን አለፈ። ሐሰተኛው ካርድ፣ ጥቅሉና ሳጥኑ ባይኖሩ ግን ይተርፈን ነበር። እስከ መጨረሻው ጠረጴዛው ላይ የቆዩት እነዚህ ናቸው፦ ትሬሲንግ ወረቀት፣ ፎም ቦርድ፣ ጥቁር ካርቶን፣ መቆንጠጫና ማጣበቂያ፣ መንፊያና ጨርቅ፣ ግራጫ ካርድ፣ ቲዩቦቹ፣ ያገለገለው ትራይፖድ፣ 32 ጊጋባይቱ ካርድ፣ አንድ ትርፍ ባትሪ። ወጪው የበዛው ትራይፖዱ፣ ቲዩቦቹ፣ ሜሞሪ ካርዱና ባትሪው ላይ ነው። የቀሩት ሁሉ ተደምረው ከጥቅሉ ያንሳሉ። ፎቶዎቹን ያሳመሩት ግን በአብዛኛው ርካሾቹ ናቸው።

አርባውንም ጨርሰን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው። 23ኛው ላይ ጓደኛዬ "ቆይ" አለች። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሞረዱ የተዋት ቀጭን ጭረት አለች። በዓይን አይታያትም ነበር። ቀለበቱን ከሳጥኑ አወጣች፣ በጣቷ ዳበሰችው፣ ተነስታም ወደ መሥሪያ ጠረጴዛዋ ሄደች።